አምስተኛው ሲሊንደርና ባሌ

ባሌ አብራሪ ነው ስላችሁ ትከሻው ላይ ወርቃማ መስመር ደርድሮ፣ በትልቅ አየር ማረፊያ ውስጥ ሻንጣ እየጎተተ የሚያልፍ መልከ መልካም እንዳይመጣባችሁ። የኔ ባል በሹራብ ነው የሚያበረው። አውሮፕላኗም ብትሉ አንድ ሞተርና ስድስት ወንበር ያላት፣ በሯ ደህና ተደርጎ ካልተጎተተ የማይዘጋ ነገር ናት። ጥሩ መንገድ ወዳልገባባቸው ከተሞች ነጋዴ፣ በሽተኛ፣ የመድኃኒት ካርቶን፣ አንዳንዴም ጫጩት ታመላልሳለች። እኔም እዚያው ሜዳ ላይ ነኝ፤ መንገደኛና ዕቃ እመዝናለሁ። ትንሽ አውሮፕላን ላይ ሰው እንደ ጆንያ ይመዘናል። ይህን የማያውቁ ወይዛዝርት "ሚዛኑ ላይ ውጡልኝ" ስላቸው በዓይናቸው ሊበሉኝ ይደርሳሉ። "ጫማዬን ላውልቅ?" ይሉኛል። ጫማው ያመጣው መስሏቸው! ግን ሥራዬ ነውና ከነጫማቸው እመዝናቸዋለሁ።

ባሌ ጠንቃቃ ሰው ነው። ጠንቃቃ የምለው ስለማከብረው ነው እንጂ ሌላ ሰው ቢሆን ፈሪ ነበር የምለው። በር ቆልፎ ይገፋል፤ መንገድ ከጀመርን በኋላ ይመለስና ደግሞ ይገፋል። እናቴ ገና ሳንጋባ "ይሄ ነው አውሮፕላን የሚያበረው? ቁልቁለት ላይ ከብስክሌቱ ወርዶ የሚገፋው ልጅ?" ብላ በሳቅ ልትሞት ነበር። ያም ሆኖ ይኸው ስንት ዓመት ሲያበር አንድ ጎማ እንኳ አፈንድቶ አያውቅም። ሌሎቹ አብራሪዎች ሻይ ቤት ተቀምጠው ስለ ጀግንነታቸው ሲደሰኩሩ እሱ የሚያወራው የለውም፤ ምንም ደርሶበት አያውቅማ!

ይህን ሰላማዊ ሰው ያሳበደችው መዳፍ የምታክል ስክሪን ናት። ድሮ አውሮፕላኗ የነበራት የሞተር ሙቀት መለኪያ አንዲት መርፌ ብቻ ነበረች። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር አለው፤ መርፌዋ ግን የምትናገረው ስለ አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት አምስቱ ይንደዱ ይብረዱ የሚጠይቃቸው አልነበረም። ባሌም መርፌዋን አየት ያደርግና ወደ መስኮቱ ይዞራል፤ ደመና አይቶ፣ ወንዝ አይቶ፣ ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል። በኋላ ባለ አውሮፕላኑ መርፌዋን አስነቅሎ አዲስ ስክሪን አስገጠመ። ባለ አውሮፕላኑን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን እሱ ነው የምለው፤ ቢቀየመኝ ይቀየመኝ። ስክሪኑን ያስገጠመው ለባሌ አስቦ እንዳይመስላችሁ። ከሜዳው ማዶ ያለው ባለ አውሮፕላን አስገጠመ ሲሉት ቅናት አላስቀምጥ ብሎት ነው።

ስክሪኑ ላይ ስድስት ቋሚ መስመሮች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር አንድ አንድ። ሲሊንደሩ ሲሞቅ መስመሩ ያድጋል፤ ከልክ ሲያልፍ ቀይ ይበራል። ታዲያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አምስተኛው መስመር ከወንድሞቹ በአንድ ራስ ይበልጥ ነበር። ቀይ አልደረሰም። ቀይ አጠገብም አልደረሰም። ግን ይበልጣል። ባሌ ያን ዕለት ቤት ሲገባ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። ሰው የሞተበት መስሎኝ ደነገጥኩ። "ምን ሆንክ?" ብለው ሹራቡን እንኳ ሳያወልቅ "አምስተኛው ከፍ ብሎ ዋለ" አለኝ። በቃ፣ ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚባል ነገር ከቤታችን ወጣ።

መስኮቱን ማየት ተወ። ስክሪኑን ብቻ ነው የሚያየው። ቤትም ሲመጣ እጁ አያርፍም፤ ያገኘውን ሁሉ ይዳብሳል። አንድ ቀን የማቀዝቀዣውን ጀርባ አቅፎ ቆሞ አገኘሁት። "ምን እያደረግክ ነው?" ስለው "ሞቋል" አለ። "ጀርባው ይሞቃል እኮ!" "ትናንት እንዲህ አልነበረም።" ኧረ ተዉኝ! ሴት ልጃችን ደግሞ ለአቅመ ኩርፊያ የደረሰች ናት፤ ባለፈች ባገደመች ቁጥር ግንባሯ ላይ እጁን ሲጭንባት "አባዬ፣ እኔ ሞተር አይደለሁም!" ብላ ጮኸችበት። የሜዳው ነዳጅ ቀጂ ነገር አያመልጠውምና "ትኩሳት" ብሎ ስም አወጣለት። ስሙ ልኩ ሆነ። "ትኩሳት መጣ!" "ትኩሳት ተነሳ!" እኔም የሰው ስም የሌለኝ ይመስል "የትኩሳት ሚስት" ተብዬ ቀረሁ።

ይሄ ሁሉ ባልከፋ። ችግሩ መመለስ መጀመሩ ነው። ይህ ሞተር ውሃ የለውም፤ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው። አውሮፕላኗ ሽቅብ ስትወጣ ፍጥነቷ ይቀንሳል፣ ነፋሱም ያንሳል፣ ስለዚህ ሁሉም ይሞቃል። ያኔ አምስተኛው ገመዱን እንደበጠሰ ፍየል ብቻውን ይወጣል። ባሌ አፍንጫዋን ዝቅ ያደርጋል፤ ነፋስ ይሰጠዋል፤ ቤንዚን ይጨምርለታል፣ ሲበዛ ያቀዘቅዘዋልና፤ ይለማመጠዋል። ዝቅ ካለለት ይሄዳል። ካላለለት አዙሮ ይመለሳል። መንገደኞቹ "ሄደን መጣን" ይሉኝ ጀመር። አንዲት ጨርቅ ነጋዴ ሚዛኑ ላይ እንደቆመች "ዛሬስ እስከ የት ድረስ ነው የምንሄደው?" ብላ ጠየቀችኝ፤ ያውም ከልቧ።

መካኒኩን ይዤ አፋጠጥኩት። መካኒኩ ሲናገር ሁሌ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፤ ንጹህ ቢሆንም ይጠርጋል። "የሌሎቹ ሙቀት መለኪያ ሴንሰር ሲሊንደሩ አናት ላይ ባለው ቀዳዳ ነው የሚገባው" አለኝ። "የአምስተኛው ቀዳዳ ጥርሱ ተበልቷል፤ አይዝም። ስለዚህ እሳት ከሚጭረው ካንዴላ ሥር እንደ ቀለበት የሚገባ ሌላ ዓይነት ሴንሰር አደረግኩለት። እዚያ ጋ ሁሌም ይሞቃል። ሲሊንደሩ እኮ ደህና ነው፤ የተለካበት ቦታ ነው እንጂ!" ባሌ አጠገቤ ቆሞ ይሰማ ነበር። "እሺ፣ በውነት የሞቀ ዕለትስ በምን አውቃለሁ?" አለ። መካኒኩ ጨርቁን ወደ ሌላኛው እጁ አዛወረ። "ሲሊንደሩ ወርዶ ቀዳዳው ይሠራ። ሳምንት ትቁም።" ለጋሼ ነገሩት። ጋሼ ምን አለ መሰላችሁ? "ለአንድ ፈሪ ብዬ አውሮፕላን አላቆምም!"

ነገሩ የፈነዳው ዳኛውን ይዞ የተመለሰ ቀን ነው። ዳኛው ሩቅ ከተማ ችሎት ነበራቸው። እሳቸው ባሌ አጠገብ ተቀምጠው አየር ላይ ዞረው ሲመለሱ ችሎቱ ሳይሰየም ቀረ፤ ተከሳሾቹ እየሳቁ ወደየቤታቸው ሄዱ። እነሱ እስከ ዛሬ ባሌን ይመርቁታል። ዳኛው ግን ጋሼን ልክ ልኩን ነገሩት። ጋሼም ባሌን ሰው ሁሉ በቆመበት ጠርቶ "ስማ! ከዛሬ ጀምሮ ቀይ ሳይበራ አንድ ጊዜ ብትመለስ ወንበሩን ለወንድሜ ልጅ ነው የምሰጠው!" አለው። የወንድሙን ልጅ ብታዩት! ፈቃዱን ከያዘ ገና መንፈቁ ነው፤ ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥ እንኳ አያወልቅም። እዚያው ቆሞ የመጪው ዘመን ወንበሩ ላይ በሐሳቡ ይቀመጥ ነበር።

ባሌ ከማብረር ሌላ የሚያውቀው ሥራ የለም። ከዚህ ሜዳ "የሚመለሰው አብራሪ" ተብሎ ከወጣ ደግሞ ማን ይቀጥረዋል? ልጅ እናስተምራለን፤ የቤት ኪራይ አለ። እና ፈርቶም ቢሆን መብረር ነበረበት። ባሰበት። ምግብ አስጠላው፤ ሹራቡ ሰፋው። ተሳፋሪ ከሚመልስ እኔን ወደ እናቴ ቤት ቢመልሰኝ ይቀለው ነበር ብዬ ስቀልድ እንኳ አልሳቀም። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንጀቴን በላው።

ከዚያ አንድ ቀን እየበረረ ቤት ገባ፤ በእግሩ ማለቴ ነው። "ወረደ!" አለኝ። "ማን?" "አምስተኛው! እኩል ሆነ! ከአራተኛው ጋር መንታ ሆኑ፤ እኩል ይወጣሉ፣ እኩል ይወርዳሉ!" መካኒኩ አንድ ነገር አስተካከለለት አሉ። ባሌ ልጁን ከሞት እንዳዳነለት ሐኪም አከበረው። በየማለዳው ሙዝ ይዞለት ይሄዳል፤ "እጅህ ይባረክ" ይለዋል። መካኒኩም አንገቱን ደፍቶ ይበላል። የሰው ሙዝ አንገት ደፍቶ የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ትሕትና መስሎኝ ነበር።

አሁን የምነግራችሁን እኔ ያወቅኩት ቆይቼ ነው፤ እናንተን ግን ላንጠለጥላችሁ አልፈልግም። መካኒኩ አንዳች ነገር አላስተካከለም። ጋሼ "ይሄን ሰውዬ በሽቦ አድንልኝ" ብሎት የአምስተኛውን ሴንሰር ፈታና በፕላስተር ጠቅልሎ አሰረው። ከዚያ የአራተኛውን ሽቦ ለሁለት ከፍሎ ለሁለቱም መስመሮች ሰጠ። ስም ሲጠራ አንዱ ተማሪ ለቀረው ጓደኛው "አቤት" እንደሚልለት፣ አራተኛው ሲሊንደር ለራሱም ለአምስተኛውም አቤት ይል ጀመር። አምስተኛው ቢነድስ? አራተኛው "ደህና ነው" ይልለታላ! ጋሼና መካኒኩ በዚህ ተሳሳቁ። እዚያ ውስጥ የሚቀመጠው የኔ ባል ነው እኮ! የመዘንኳቸው እናቶች፣ የመዘንኳቸው ሕፃናት ናቸው!

ባሌ እንደ ወፍ በረረ። መስኮቱን ማየት ጀመረ፤ የደመና ወሬ ይዞልኝ ይመጣ ጀመር። ጋሼም ደስ አለው፤ ትልቅ ነገር አስቧል። የአንድ ማዕድን ማውጫ ኃላፊ ሠራተኞቹን በየሳምንቱ የምታመላልስለት አውሮፕላን ይፈልግ ነበር። ጋሼ "ራሴ አብሬህ ሄጄ አሳይሃለሁ" አለው። አውሮፕላኗን ከገዛ ጀምሮ ሁለት ጊዜ እንኳ አልተሳፈረባትም፤ ይኸኛው ግን አላመለጠውም። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ቀን ነበር። እንግዳው ለሠራተኞቹ የገዛውን አዲስ የጎማ ቦት በጆንያ አድርጎ መጣ። ቦቱንም እሱንም መዘንኩ። ጋሼን ስመዝነው ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ፤ ሚዛን በሆድ መሳብ የሚታለል መስሎት። እንግዳው ከኋላ ወንበር ቦቱ አጠገብ፣ ጋሼ ከፊት ባሌ አጠገብ ተቀመጡ። የኋላው የጆሮ ማዳመጫ ከተበላሸ ቆይቷልና አብራሪውና ጋሼ የሚባባሉትን እንግዳው አይሰማም።

አየር ላይ የሆነውን ባሌ ነው የነገረኝ። ሽቅብ እየወጡ ሳለ ጋሼ አፍንጫውን ያዝ አደረገ።

"የሚሸት ነገር የለም?"

"አይሸተኝም ጋሼ።"

"ጎማ ጎማ አይልህም? የሚቃጠል ነገር? አምስተኛው እንዴት ነው?"

"ይኸው ይዩት። ከአራተኛው ጋር እኩል ነው።"

ጋሼ እኩል እንደሚሆንማ ከማንም በላይ ያውቃል። አምስተኛው ይጋይ ይቅለጥ እዚያች አውሮፕላን ውስጥ የሚነግራቸው ነገር እንደሌለ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ላቡ በአገጩ ይወርድ ጀመር። "ተመለስ!" አለ።

"ቀይ እኮ አልበራም ጋሼ።"

"ተመለስ ነው የምልህ!"

"ቀይ ሳይበራ ብመለስ ወንበሩን ለወንድምዎ ልጅ ነው የሚሰጡት። እርስዎ ነዎት ያሉት። ስድስቱንም ይዩዋቸው፣ ሁሉም ደህና ናቸው። ይረጋጉ።"

ባሌ፣ ያ ማቀዝቀዣ የሚያቅፈው ባሌ፣ ሰውን "ተረጋጋ" አለ! እዚያ በነበርኩ!

"አምስተኛው አይለካም!" ብሎ ጮኸ ጋሼ። "የምታየው የአራተኛውን ነው! መካኒኩ ነው! ማለት እኔ ነኝ… ላንተው ብለን ነው፣ እንድትረጋጋ ብለን! ስለ ፈጠረህ መልሰኝ!"

ባሌ የአውሮፕላኗን ጉልበት ቀነሰ፣ አፍንጫዋን ዝቅ አደረገ፣ ቀስ ብሎ አዞራት። "ያኔ ምን አሰብክ?" ብዬ ጠየቅኩት። "ሙዙን" አለኝ።

እኛ ምድር ላይ ያለነው አውሮፕላኗ ስትመለስ ስናይ ክው አልን። ነዳጅ ቀጂው "ትኩሳት አገረሸበት!" ብሎ ጭኑን መታ። የወንድሙ ልጅ ጥቁር መነጽሩን ሲያወልቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ወንበሩን ደህና አድርጎ ሊያይ። እኔ በቃ አለቀልን አልኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ሲቆም ጋሼ እንደ ጎረምሳ ዘሎ ወረደ። መሬት ሲረግጥ ላቡም ደረቀ፣ ድምፁም ተመለሰ። እንግዳው እንዲሰማ አድርጎ "አያችሁት አይደል? ያው አመሉ ተነሳበት! ቀይ ሳይበራ፣ ምንም ሳይሆን መለሰን! እኔ ከዚህ ወዲያ ምን ላድርገው?" አለ።

ሁሉም ሳቀ። መካኒኩ ብቻ ጨርቁን ያያል።

ባሌ ወረደ። መጀመሪያ ወደኔ መጣና እጄን ያዝ አደረገኝ፤ መዳፌ ውስጥ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ትቶ ሄደ፤ የአውሮፕላኗ ቁልፍ ነበር። ከዚያ መሀል ገብቶ ቆመ።

"ልክ ነው" አለ። "የመለስኩት እኔ ነኝ።"

ደሜ ፈላ። ምን ነካው? አፍ የለውም? ልጮህ ነበር።

"ሞተሩ ግን ደህና ነው" ብሎ ቀጠለ። "አይደለም ጋሼ?"

"ምን ይሆናል! ድንቅ ሞተር ነው!" አለ ጋሼ ወደ እንግዳው እያየ።

"እንግዳችንም ይቸኩላሉ። እንግዲያው ይግቡ ጋሼ፣ አሁኑኑ እንሂድ። ከእንግዲህ አልመለስም፤ ቃሌ ነው።"

ጋሼ ሰዓቱን አየ። "እናንተ ሂዱ። እኔ የምደውልለት ሰው አለ።"

"ይደውሉ፤ እንጠብቃለን።"

"ጉልበቴንም አሞኛል።"

"ጋሼ፣ አውሮፕላን ላይ እኮ ቁጭ ብለው ነው የሚሄዱት!" አልኩ፤ አላስችል ብሎኝ።

የሳቀ ሰው የለም። እንግዳው ከአውሮፕላኗ በር ላይ ሆኖ ጋሼን ከላይ እስከ ታች ተመለከተው።

"አውሮፕላኗ የእርስዎ አይደለችም?"

"የኔ ናት እንጂ!"

"ሞተሩስ?"

"አልኩህ እኮ፣ ድንቅ ነው!"

"ታዲያ ይግቡ እንጂ።"

ጋሼ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። እኔ ሰው መመዘን ሥራዬ ነው፤ ያን ቀን ግን ሚዛን አላስፈለገኝም። እንግዳው ወረደ። "እርስዎ የሚያውቁት እኔ የማላውቀው ነገር አለ ማለት ነው" አለና "ቦቴን አውርዱልኝ" ብሎ ነዳጅ ቀጂውን አዘዘ። ጆንያው ሲወጣ ሜዳው በጎማ ሽታ ታጠነ፤ ደህና አድርጎ የማይዘጋው፣ የሞቀ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ተደግፎ አንዱ ቦት ለስልሶ እንደ ማስቲካ ሆኖ ነበር። ሞተሩ እንኳን ሊቃጠል ሽታም አልነበረውም። ጋሼ ያን ቦት ያየበትን ዓይን መቼም አልረሳውም፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ወደ ቤት ስንሄድ "እሺ ብሎ ቢገባ ኖሮ ምን ልታደርግ ነበር?" አልኩት። "እብድ ነኝ እንዴ ሳይለካ የምበረው? ቁልፉ አንቺ ጋ አይደል!" አለኝ። ስንት ዓመት ኖሬ ያን ዕለት ነው በደንብ ያገባሁት። መካኒኩ ሊያስታርቅ ነው ሊታረቅ ሳናውቅ በማግስቱ ደጃችን መጣ። "ጋሼ አዞኝ ነው፤ እኔም እኮ እንጀራዬ ነው" እያለ ተርበተበተ። ባሌ "ሙዙ ጣፈጠህ?" ብቻ አለው። ሰውዬው ዞሮ ሄደ።

ባሌ ተባረረ። ምክንያቱ ቀይ ሳይበራ ተመልሷል የሚል ነው፤ እንደዚያው ነው የነገሩት፣ ሳያፍሩ። ወንበሩን ባለ መነጽሩ ወሰደው። እሱ ከመቀመጡ በፊት ግን ጋሼ አውሮፕላኗን ሳምንት አቁሞ የአምስተኛውን ቀዳዳ አሠራ፤ ለአንድ ፈሪ ብዬ አላቆምም ያላትን አውሮፕላን ለራሱ ፍርሃት ሲል አቆማት። ሲለካ አምስተኛው ከሌሎቹ ምንም አይበልጥም፤ ድሮም ደህና ነበር። ባሌ ይህን ስነግረው "ጥሩ፤ አሁን ይታወቃል" አለና ሥራ ፍለጋውን ቀጠለ። እስካሁን አላገኘም። እኔ እዚያው ሚዛኔ አጠገብ ነኝ፤ በየቀኑ ባለ መነጽሩን እያየሁ እናደዳለሁ፣ ግን አንዳችን መሥራት አለብን።

ጋሼ ግን ያቺን አውሮፕላን ዳግመኛ አልተሳፈረባትም። ወደ ሩቅ ከተማ ሲሄድ በአውቶቡስ ነው። ሾፌሩ የአክስቴ ልጅ ስለሆነ ሁሉን ይነግረኛል። ሁልጊዜ ከሾፌሩ ጀርባ ያለውን ወንበር ነው የሚይዘው አሉ። ዳገት በጀመሩ ቁጥር አንገቱን አስግጎ "ሙቀቱ ስንት ደረሰ?" ይለዋል።

"ታዲያ አትነግረውም?" አልኩት።

"እነግረዋለሁ፤ አያምነኝም" አለኝ።